የጆሮ ቁጥር ሲጸድቅ ምን ይለካ?

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲከሰት፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ከአፍሪካ ቀንድ የሚሄድ የቁም እንስሳ አገዱ። በሽታው ያልታየበት አካባቢ አርብቶ አደርም ገበያው አብሮ ተዘጋበት። የትኛው በሬ ከየትኛው ቀበሌ እንደመጣ ማስረጃ ከሌለ፣ እገዳው ሁሉንም ይመታል። የጆሮ ቁጥር ወይም በተለምዶ «ታግ» የሚባለው መለያ አስፈላጊነቱ ያኔውኑ ታይቷል። እስካሁን የሚያነጋግረው የትኛው ታግ ይጽደቅ የሚለው ነው፤ በእኔ እምነት መለኪያው ታጉ ከዓመታት በኋላ ጆሮ ላይ መገኘቱ መሆን አለበት።

አይሶ 11784 እና 11785 የተባሉት ዓለም አቀፍ ደረጃዎች በሬዲዮ ሞገድ የሚነበበው ቁጥር 15 አሃዝ እንዲኖረውና በ134.2 ኪሎኸርዝ እንዲሠራ ይደነግጋሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የአገር መለያ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኢትዮጵያ 231 ነው። ታጉ ከጆሮ ላይ ስለመቆየቱ ግን እነዚህ ሁለቱ አይናገሩም። ኢካር የተባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምዝገባ ኮሚቴ ታጎችን በቤተ ሙከራ ያስፈትሻል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም የቤተ ሙከራ ማሽን የቦረናን ግራር አያውቅም። ታጉ ሁለት ክፍል አለው፤ ሾሉ ወንዴ ጆሮውን በስቶ ሴቴው ውስጥ ይቆለፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከጠበበ ቁስሉ አየር አጥቶ ያመረቅዛል፣ ከሰፋ ደግሞ እሾህ ይዞ ይጎትተዋል። የጥጃ ጆሮ ደግሞ እያደር ይወፍራል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ደንብ በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ቁጥር እንዲደረግ ማዘዙ፣ ታግ መውደቁ የታወቀ መሆኑን ያሳያል።

ጥብቅ መስፈርት ዋጋ ያስወድዳል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ተገቢ ነው፤ ወጪው ዞሮ ዞሮ አርቢው ላይ ይወድቃልና። ነገር ግን ከመቶ ታግ በየዓመቱ ሦስቱ ቢወድቁ፣ ምትክ ካልተደረገ፣ በአምስተኛው ዓመት 14 ያህሉ ጠፍተዋል ማለት ነው። እንስሳዋ አዲስ ቁጥር ስታገኝ የክትባቷና የባለቤቷ ታሪክ ከአሮጌው ጋር ካልተያያዘ፣ ርካሹ ታግ የተገዛበት ምክንያት ራሱ ይጠፋል። የመስክ ሙከራ ዓመታት ይፈጃል፣ እስከዚያ ሥራው ይቆማል ለሚለውም መፍትሔ አለ፤ የቤተ ሙከራ ማረጋገጫ ላለው ታግ በተወሰነ ብዛት ጊዜያዊ ፈቃድ ይሰጥ፣ ቋሚው በቆላውም በደጋውም መንጋ ላይ የወደቀው ታግ ተቆጥሮ ይወሰን። በእጁ ማንበቢያ መሣሪያ የሌለው እረኛም ቁጥሩን በዓይኑ ማየት ስላለበት፣ ጽሑፉ በፀሐይ አለመደብዘዙ አብሮ ይለካ።

ስለዚህ የግዥ ጨረታ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ሁለት ነገር በሰነዱ ላይ በግልጽ ይጻፉ፦ በስንት ዓመት ውስጥ ከመቶ ስንት ታግ ቢወድቅ ተቀባይነት እንዳለው፣ ከዚያ ካለፈም የምትኩን ወጪ አቅራቢው እንደሚሸፍን።