ቱቦው ይቅደም፣ መበየጃው ይከተል

የእጅ ብስክሌት የእግርን ሥራ ለክንድ የሚሰጥ ባለ ሦስት ጎማ ነው። የፔዳሉ ማዞሪያ ከእግር ሥር ተነሥቶ ደረት አካባቢ ይቀመጣል፤ በፔዳሉ ቦታ የእጅ መያዣ ይገባና ሰንሰለቱ ቁልቁል ወርዶ የፊተኛውን ጎማ ይዘውራል። በተራው ብስክሌት አንዱ እግር ሲወርድ ሌላው ይወጣል። እዚህ ግን ሁለቱ መያዣዎች አብዛኛውን ጊዜ ጎን ለጎን ሆነው አንድ ላይ ይዞራሉ። ነጂው በሚዘውርበት እጁ መሪውንም ስለሚይዝ፣ እጆቹ በተቃራኒ ቢሄዱ ተሽከርካሪው በየዙሩ ግራና ቀኝ ይናጥ ነበር። ስፖርቱ ወደ ፓራሊምፒክ የገባው እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ ነው።

የውድድሩ ዓይነት ከካርቦን ፋይበርና ከአሉሚኒየም ይሠራል፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ሰውን ከቤት ወደ ሥራና ወደ ገበያ የሚያመላልሰው ግን ከብረት ቱቦ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ዕቃና ከአንድ መበየጃ ማሽን ሊወጣ ይችላል። በሐዋሳና በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ቀላሉ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ ካምቢዮ የሌለው የእጅ ብስክሌት መሥራት ግን ሰውየውን ዳገት ሥር ጥሎ መሄድ ነው፤ የክንድ ጉልበት የእግርን አያህልምና።

ሥራውን የሚጀምር ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው “የትኛውን መበየጃ ልግዛ?” ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፣ ግን ተራው አልደረሰም። መጀመሪያ የቱቦው ስፋትና የብረቱ ውፍረት ይወሰናል፤ ውፍረቱ ከታወቀ ማሽኑ ራሱን ይመርጣል።

ብዙ ሰው ጠንካራ ፍሬም ማለት ወፍራም ብረት ማለት ይመስለዋል። ቱቦን ከመጉበጥ የሚያድነው ግን ከውፍረቱ ይልቅ ስፋቱ ነው። ውጫዊ ዲያሜትሩ 25 ሚሊ ሜትር፣ የብረቱ ውፍረት 2.5 ሚሊ የሆነ ቱቦ በሜትር 1.39 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 38 ሚሊ ስፋት ኖሮት ውፍረቱ 1.5 ብቻ የሆነው ደግሞ 1.35 ኪሎ። ክብደታቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ሰፊው ለመጉበጥ ያለው እምቢታ የጠባቡን ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። የብረት ሱቅ ሄዶ በጣት እየቆነጠረ “ወፍራም ነው ወይ?” የሚል ገዢ እንግዲህ የሚለካው የተሳሳተውን ነገር ነው።

ብዙዎች እጃቸው ላይ የሚያገኙት የውሃ ቧንቧ ነው። አንድ ኢንች የሚባለው ቧንቧ ውጩ ሲለካ 33.7 ሚሊ ሲሆን፣ የተለመደው ዓይነት ውፍረቱ 3.2 ሚሊ ነው፤ በሜትር 2.4 ኪሎ ይመዝናል። 38 በ2 የሆነ ቱቦ ከዚህ ቧንቧ ጋር እኩል ግትርነት ይሰጣል፣ ክብደቱ ግን 1.8 ኪሎ አይሞላም። አንድ ሙሉ የ6 ሜትር ዘንግ ቢፈጅ ልዩነቱ ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል፤ ያን 4 ኪሎ በየቀኑ የሚጎትተው ክንድ ነው። ቧንቧው ሌላም ጣጣ አለው። በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ ማታ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል። ዚንኩ ከመጋጠሚያው በግራይንደር ተፍቆ ይነሣ፣ ሥራውም ነፋስ ባለበት ይሁን። የሚያብለጨልጨውን በክሮም የተለበጠ የአሮጌ ወንበር ቱቦ ደግሞ ጨርሶ መተው ይሻላል፤ ከክሮሙ የሚወጣው ጭስ ለሳንባ መርዝ ነው።

ክብ ይሁን አራት ማዕዘን? ቱቦላሬ የሚባለው አራት ማዕዘን ቱቦ በየቦታው አለ፣ በቀጥታ መጋዝ ይቆረጣል፣ ሲገጣጠምም አያስቸግርም። 30 በ30 በ1.5 የሆነው ከ38 በ1.5ቱ ክብ ቱቦ ጋር እኩል ይመዝናል፤ ከመጉበጥ አንጻር የሚያንሰው በአንድ አምስተኛ ገደማ ነው። መጠምዘዝ ላይ ግን ክቡ በጣም ይበልጠዋል፣ አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል። የእጅ ብስክሌት ዋናው ቱቦ ደግሞ የሚጠመዘዝ ቱቦ ነው፤ ነጂው መያዣውን በሳበና በገፋ ቁጥር፣ አንዱ የኋላ ጎማ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ይጠማዘዛል። እኔ ብሆን ከመሪው እስከ መቀመጫው የሚሄደውን በክብ ቱቦ፣ መቀመጫውንና የኋላውን አግዳሚ በቱቦላሬ እሠራለሁ።

ስለ ክሮሞሊ ብዙ ይወራል። 4130 የሚባለው ይህ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የገባበት ብረት ሳይመለስ ታጥፎ እስኪቀር የሚሸከመው ጫና ከተራው የግንባታ ብረት በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ግትርነቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በ2 ሚሊ ውፍረት ክሮሞሊ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው ብረቱን ወደ 0.9 ሚሊ ማሳነስ የቻለ ሰው ዘንድ ነው፣ ያን ያህል ቀጭን ለመበየድ ደግሞ የሠለጠነ እጅና የተሻለ ማሽን ይፈለጋል። አሉሚኒየም ከዚህም ይብሳል። 6061 የተባለው የተለመደ ዓይነት ብየዳ የነካው ቦታ ላይ ጥንካሬውን በግማሽ ያህል ያጣል፤ የሚመለስለትም ፍሬሙ በሙሉ ምድጃ ገብቶ በልክ ሲታከም ነው። ለመጀመሪያ ፍሬም አልመክረውም።

እንግዲህ ቱቦው ተራ ብረት፣ 38 ሚሊ አካባቢ፣ ውፍረቱ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ነው እንበል። አሁን የማሽኑ ተራ ደረሰ።

በየብረታ ብረት ቤቱ ያለው የኤሌክትሮድ ብየዳ ነው። ሥራውን ይሠራል፣ ቀጭን ቱቦ ላይ ግን ይቅር አይልም፤ ትንሽ ከቆዩበት ይበሳል። ሻጮች የማሽኑን ትልቁን ቁጥር ይጠሩልናል፤ 200 አምፔር፣ 250፣ 300። ለዚህ ሥራ የሚጠየቀው ታችኛው ቁጥር ነው። 2 ሚሊ ውፍረት ያለው 6013 ኤሌክትሮድ ከ40 እስከ 60 አምፔር ይበቃዋል፤ 2.5 ሚሊ የሆነው ከ60 እስከ 90። ማሽኑ በ45 አምፔር ሳይንተባተብ እሳቱን ይዞ መቆየት ካልቻለ፣ የ300 አምፔር ጉልበቱ ለባቡር ሐዲድ ይሁን እንጂ ለብስክሌት አይጠቅምም። በዚህ ረገድ አነስተኛው ኢንቨርተር ከከባዱ ትራንስፎርመር ይሻላል፤ በዝቅተኛ አምፔር እሳቱ የረጋ ነው፣ ከቤት መስመርም የሚስበው ያነሰ ነው። ረጅምና ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ ግን ይህን ጥቅም ሁሉ ይበላዋል።

ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳም ማንበብ ይገባል። “100 አምፔር፣ 60 በመቶ” ካለ፣ ከ10 ደቂቃ ውስጥ 6ቱን በዚያ አምፔር ይሠራል፣ 4ቱን ያርፋል ማለት ነው። ልኬቱ የሚወጣበት ዓለም አቀፍ ደረጃ ግን ማሽኑ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር እንደማያልፍ ይገምታል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያቀዘቅዘውም በዚያው ልክ ያንሳል። ደግነቱ የብስክሌት መጋጠሚያ አጭር ነው፣ ማሽኑ ሳይግል ብየዳው ያልቃል።

ሚግ የሚባለው ባለ ሽቦ ብየዳ ለቀጭን ቱቦ ከኤሌክትሮድ ይቀላል። ሽቦው ራሱ እየወጣ ይመግባል፣ 0.6 ወይም 0.8 ሚሊ ሽቦ 1.5ን ብረት በደንብ ይይዛል። አደገኛ ጠባዩ ቁንጅናው ነው፦ ላዩ ያማረ ሆኖ ከሥሩ ከብረቱ ጋር ሳይዋሐድ የተቀመጠ ብየዳ ያወጣል። ሜዳ ላይ ለሚሠራ ደግሞ ነፋስ ብየዳውን ከአየር የሚከልለውን ጋዝ ይወስድበታል፤ ጋዝ የማይፈልገውን ውስጡ ዱቄት ያለበትን ሽቦ መጠቀም ይቻላል፣ ያኔ የገመዶቹን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ማቀያየር መርሳት የለበትም። ቲግ የሚባለው ሌላው የጋዝ ከለላ ያለው ብየዳ ከሁሉም የጠራ ሥራ ይሰጣል፤ ዘገምተኛ ነው፣ ንጹሕ አርገን ይጠይቃል፣ ለመልመድም ጊዜ ይፈልጋል።

የተረሳ ጎበዝ አለ፤ በኦክስጅንና በአሴቲሊን ነበልባል የሚሠራው የነሐስ ብየዳ። ነሐሱ የሚቀልጠው 900 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ብረት የሚቀልጠው ወደ 1,500 ሲጠጋ ነው፤ ስለዚህ ቱቦው ሳይቀልጥ፣ ሳይበሳም ይያያዛል። የብስክሌት ፋብሪካዎች ለረጅም ዘመን ፍሬም የሠሩት እንዲህ ነው። ሰፈሩ ውስጥ የጋዝ ብየዳ የሚያውቅ አዛውንት ባለሙያ ካለ፣ አዲስ ማሽን ከመግዛት በፊት እሳቸውን ማነጋገር ይበጃል።

ከአሮጌ ብስክሌት የሚወሰዱት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መሪው የሚዞርበት አጭር ቱቦና የፔዳል ማዞሪያው ኩሽኔታ የሚገባበት ቤት። የአዲስ አበባውን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ምናለሽ ተራን የሚያውቅ ሁለቱንም አያጣቸውም። ሁለተኛው ውስጡ ጥርስ አለው፣ ብዙውን ጊዜ 68 ሚሊ ስፋት አለው፤ ሙቀት ጥርሱን እንዳያጣምም በሚበየድበት ሰዓት አሮጌው የኩሽኔታ ቀለበት ታስሮበት ይቆይ። ሲቆረጥም የድሮውን ቱቦ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አስተርፎ ነው። መጋጠሚያው ላይ ቢጫ ነገር ከታየ የፋብሪካው ነሐስ ነው፤ በእሱ ላይ በኤሌክትሮድ ወይም በሚግ መበየድ አይቻልም፣ ነሐሱ ወደ ጋለው ብረት ሰርጎ ይሰነጥቀዋል። ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ይፋቅ።

ክብ ቱቦ ከክብ ቱቦ ጋር ሲገናኝ ጫፉ እንደ ዓሣ አፍ ተጠርቦ መቀመጥ አለበት። ይህን በሞርሳና በክብ ሊማ መሥራት ይቻላል፣ ትዕግሥት ብቻ ነው። ክፍተቱ ከአንድ ሚሊ ከበለጠ ስህተቱን በብየዳ መሙላት ሳይሆን እንደገና መሞረድ ነው። መጀመሪያ ሁሉም ነጥብ በነጥብ ይያዝ፣ ልኩ ይታይ፣ ከዚያ ብየዳው በተቃራኒ ጎኖች እየተፈራረቀ ይሂድ፤ አለዚያ ብረቱ ሲቀዘቅዝ እየተኮማተረ ፍሬሙን ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። ሁለቱም ጫፎቹ የሚዘጉ ቱቦ ላይ በትራፓኖ 3 ሚሊ የምታህል ቀዳዳ ትበሳ፤ ውስጡ የታፈነው ትኩስ አየር የመጨረሻዋን ነጥብ ፈንቅሎ ይወጣልና። በፀሐይ መነጽር የሚበይዱ ልጆች በየመንገዱ እናያለን። ለኤሌክትሮድ 10 ወይም 11 ቁጥር መስታወት ያለው ማስክ ያስፈልጋል፤ ከዚህ ያነሰ ነገር ዓይንን ያቃጥላል።

ጫናው የሚበረታው የመሪው ቱቦና ዋናው ቱቦ የሚገናኙበት ቦታ ከታች በኩል ነው። እዚያ ላይ የላሜራ ማጠናከሪያ ይበየዳል፤ ጫፎቹ ግን እየሳሱ ይሂዱ፣ በድንገት የሚያልቅ ላሜራ ስንጥቁን ወደ ራሱ ጫፍ ያዛውራል እንጂ አያስቀርም። የኋላ ጎማዎቹም ልብ ይባሉ። ተራ የብስክሌት ጎማ በቀጭን ፐርኖ በሁለት ወገን ተይዞ እንዲሄድ የተሠራ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ አንጠልጥለውት ሰው ቢቀመጥበት ፐርኖው ይጎብጣል። ወይ ፍሬሙ ጎማውን ከውስጥም ከውጭም ይያዘው፣ ወይ ለአንድ ወገን የተሠራ ወፍራም ፐርኖ ያለው የዊልቸር ጎማ ይፈለግ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ከዚያው ቱቦ ሁለት ቁራጭ በቲ ቅርጽ በይዶ፣ ሞርሳ ላይ አስሮ በመዶሻ ማጠፍ ይገባል። ቱቦው ታጥፎ ብየዳው ከቆየ እጁ ደርሷል። ብየዳው ከተላቀቀ ገና ነው፣ ሰው አይሰቀልበትም።

እግሩ ስሜት የሌለው ነጂ ሹል የብየዳ ጠብታ ሲወጋው አያውቅም፤ ቁስል መሆኑን የሚያየው ማታ ልብሱን ሲያወልቅ ነው። ስለዚህ እግርና ዳሌ የሚነካው ብረት ሁሉ በሊማ ይለስልስ፣ መቀመጫው ወፍራም ፍራሽ ይኑረው። ቀለሙም ነጭ ወይም ቢጫ ይሁን፣ ጥቁር አይሁን፤ ስንጥቅ የሚታየው እንደ ቀጭን የዝገት መስመር ሆኖ ነው፣ ጥቁር ቀለም ይደብቀዋል። በየወሩ ከመሪው ቱቦ ሥር በእጅ ባትሪ ይመልከቱ። መስመር ካዩ በላዩ ላይ አያስበይዱበት፤ ብየዳው እስከ ሥሩ ተፈልፍሎ ይውጣ፣ እስኪታደስ ድረስም ሰው አይቀመጥበት።