ጭቃ ውስጥ ቆሞ ቅጠል መለካት

የሳተላይት ምስሎችን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለም የነበራት የማንግሮቭ ደን፣ ማለትም ባሕር በሚሞላበትና በሚሸሽበት ዳርቻ የሚበቅለው ደን፣ 137,760 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሆነ አስልተዋል። ሽፋኑ ግን ሁሉንም አይናገርም። ስፋታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ደኖች አንዱ ጥቅጥቅ ያለ፣ ሌላው የሳሳ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱን የሚያወጣው የቅጠል ስፋት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ያሉት ቅጠሎች በአንድ ወገናቸው ቢለኩ ስንት ካሬ ሜትር ይሆናሉ? አራት ከሆኑ መጠኑ 4 ነው። እንግሊዛዊው ዋትሰን በ1947 ይህን መለኪያ ያስተዋወቀው ለእርሻ ሰብል ነበር።

አስተማማኙ መንገድ ዛፉን ቆርጦ፣ ቅጠሉን አራግፎ መለካት ነው፤ በጥብቅ ደን ውስጥ ግን ይህን ማን ይፈቅዳል? ስለዚህ የሚለካው ቅጠሉን አልፎ የሚወርደው ብርሃን ሆነ። ጃፓናውያኑ ሞንሲና ሳኤኪ በ1953 እንዳሳዩት፣ ቅጠሉ በተደራረበ ቁጥር ብርሃኑ በታወቀ ስሌት እየደከመ ይሄዳል። ለኪው ከዛፉ ሥር የሚያገኘውን ብርሃን ከገላጣ ሰማይ ብርሃን ጋር ያነጻጽራል፤ ወይም በሰፊ ሌንስ ሽቅብ ፎቶ ያነሣል። መሣሪያው ግን ግንዱንና ቅርንጫፉንም ከቅጠል ይደምራል።

ሌላው ጣጣ ሰዓቱ ነው። ለብዙዎቹ መሣሪያዎች የሚስማማው ማለዳ፣ ምሽት ወይም ደመናማ ቀን ነው። ባሕሩ የሚሸሸው ግን በራሱ ሰዓት ነው። ውኃው የጎደለው ቀትር ላይ ከሆነ፣ ለኪውን በተጠላለፈ ሥር መካከል ጭቃ እየረገጠ የማይመች ፀሐይ ይጠብቀዋል።

ሳተላይት ከጭቃው ያድናል። ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፣ ዓይን የማያየውን ኢንፍራሬድ ይመልሳል፤ ከሁለቱ ልዩነት ልምላሜው ይሰላል። ደኑ በጣም ሲጠቀጠቅ ግን ቁጥሩ ከፍ ማለቱን ያቆማል። ውኃም ኢንፍራሬድ ስለሚውጥ፣ ያው ደን ባሕሩ ሲሞላ የሳሳ ሊመስል ይችላል። የባሕሩ ከፍታ ያልተመዘገበላቸውን ሁለት ምስሎች አነጻጽሮ «ደኑ መነመነ» ማለት ድፍረት ነው።

ይህም ሆኖ ያለ ሳተላይት በቀላሉ የማይታወቅ ጉዳት አለ። በ2015 መጨረሻና በ2016 መጀመሪያ፣ በሰሜን አውስትራሊያ የካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ውስጥ 7,400 ሄክታር ያህል ማንግሮቭ ደረቀ። ሰው ብዙም በማይደርስበት በዚያ ዳርቻ የጉዳቱን ስፋትና ጊዜ ለይቶ ለማወቅ የላንድሳት ሳተላይቶች ምስሎች ረድተዋል።

ለእኛ የሚቀርበው የቀይ ባሕር ማንግሮቭ ብዙውን ጊዜ አጭርና ጠባብ ነው። የላንድሳት ምስል አንድ ነጥብ 30 በ30 ሜትር ስለሚሸፍን ዛፉን፣ አሸዋውንና ውኃውን ያደባልቃል። እንዲህ ባለ ቦታ በእግሩ ገብቶ የሚለካ ሰው ካልተጨመረበት፣ የሳተላይቱ ቁጥር ብቻውን አይበቃም።