የሻማው ብርሃን የማይደርስበት

ስለ እንግሊዝ «የእንደራሴነት ዘመን» የተጻፉ የፍቅር ልብ ወለዶች ዛሬም በብዙ አገሮች በሰፊው ይነበባሉ። ዘመኑ፣ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ በሕመም ምክንያት መግዛት ሲሳነው ልጁ የዌልስ ልዑል እንደራሴ ሆኖ የመራበት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1811 እስከ 1820 ያለው ጊዜ ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ሰረገላዎች ይሽከረከራሉ፤ የጭፈራው አዳራሽ በሻማ ይንቦገቦጋል፤ ባላባቱና ወይዘሪቷ በአንደበት ሲፋለሙ ቆይተው ይጋባሉ። በ1812 ማሽን የሰበሩ የሹራብ ሠራተኞች በሞት እንዲቀጡ ሕግ መውጣቱ፣ በ1819 ማንቸስተር ላይ የፓርላማ ውክልና ለመጠየቅ በተሰበሰበ ሰላማዊ ሕዝብ ላይ ፈረሰኛ ጦር መዝመቱ ግን ከአዳራሹ ደጃፍ ውጪ ይቀራል።

ይህን የልብ ወለድ ዓይነት ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ያቆመችው ጆርጄት ሄየር (1902-1974) ናት። ሄየር በዋዛ የምትታለፍ ጸሐፊ አይደለችም። የዘመኑን አለባበስ፣ አነጋገርና ልማድ በብርቱ አጥንታለች፤ ቀልዷም የተሳለ ነው። በ1950 የታተመው «ዘ ግራንድ ሶፊ» ከሥራዎቿ ሁሉ ይበልጥ ከሚወደዱት አንዱ ነው። ዛሬ በአዲስ ዓይን ሲነበብ ምን እንደሚታይበት መመርመር ተገቢ የሚሆነውም ስለዚሁ ነው።

ሶፊ ለንደን ወደሚኖሩት ዘመዶቿ ትመጣለች። የአክስቷ ልጅ ሁበርት ከአራጣ አበዳሪ 500 ፓውንድ ተበድሮ መውጫ አጥቷል። ሶፊ ብቻዋን ወደ አበዳሪው ትሄዳለች፤ ሽጉጥ ትመዝዛለች፤ ዋናውን ከፍላ ወለዱን ትከለክላለች፤ ሰነዱን ነጥቃ ትወጣለች። ሴት ልጅ ማንንም ወንድ ሳትጠብቅ ራሷ የምትደፍርበት ትዕይንት በመሆኑ አንባቢ በደስታ ያጨበጭባል። አበዳሪው ግን ጎልድሃንገር የተባለ አይሁዳዊ ነው፤ ከጸጉሩ ቅባት እስከ አፍንጫው ቅርጽ ድረስ የአይሁድ ጠላቶች ለዘመናት ሲደጋግሟቸው የኖሩትን ምልክቶች ሁሉ ተሸክሞ ቀርቧል። ይህ የታተመው የናዚዎች የእልቂት ካምፖች ከተዘጉ ከአምስት ዓመት በኋላ ነበር።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው የአንድ ሰው መልክ መጥቆር ብቻ አይደለም። በዚያ ቤት ውስጥ ገንዘብ በብዙ በር ይገባል፣ ይወጣል። አባትየው ሎርድ ኦምበርስሊ ቁማርተኛ ነው። ቤቱን ከዕዳ የሚታደገው ታላቁ ልጅ ቻርልስ ከዘመድ በወረሰው ሀብት ነው። የአባትየው ብክነት እንደ ድክመት፣ የሁበርት ብድር እንደ ወጣትነት ስሕተት ይታለፋል፤ ውርሱም የመልካም ዕድል ስጦታ ይመስላል። «ይህ ገንዘብ ከየት መጣ? በማን ላብ?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው በአበዳሪው ላይ ብቻ ነው። የመሳፍንቱ ቤት ንጽሕና የሚጠበቀው ነውሩ ሁሉ በአንድ ባዕድ ጫንቃ ላይ በመጫኑ ነው።

«መጽሐፍ በዘመኑ ሚዛን ይለካ» የሚሉ አሉ። መልካም፤ በዚያው በእንደራሴው ዘመን የጻፈችውን ጄን ኦስተንን ምስክር እንጥራ። በ1813 የታተመው «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» የሚስተር ዳርሲን ገቢ በቁጥር ይነግረናል፤ በዓመት 10,000 ፓውንድ። በዚያን ጊዜ አንድ የእርሻ ሠራተኛ ዓመት ሙሉ ለፍቶ የሚያገኘው ወደ 30 ፓውንድ ገደማ ነበር። (ኦስተን ራሷ የዚህን መጽሐፍ መብት የሸጠችው በ110 ፓውንድ ነው፤ አሳታሚው ከዚያ በኋላ ያተረፈው የራሱ ሆነ።) ሃያ ሰባት ዓመት የሞላት ሻርሎት ሉካስ የማታከብረውን ቄስ የምታገባው በፍቅር እንዳልሆነ ደራሲዋ አትሸፍንም፤ ሀብት የሌላት ሴት የምትጠለልበት ሌላ ጣራ አልነበራትምና። ያገባች ሴት በንብረቷ ላይ ሙሉ መብት ያገኘችውም በ1882 በወጣው ሕግ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚደንቀው በ1814 የወጣው «ማንስፊልድ ፓርክ» ነው። የቤቱ ጌታ ሰር ቶማስ በምዕራብ ሕንድ ደሴቶች፣ በአንቲጓ ርስት አለው፤ በዚያ የሚሠሩት ባሮች ነበሩ። ድኻ የእኅት ልጅ ሆና በቤቱ ያደገችው ፋኒ አንድ ምሽት ስለ ባሪያ ንግድ ትጠይቀዋለች፤ በክፍሉ የነበሩት ልጆቹ ጸጥ ይላሉ። ኤድዋርድ ሰይድ በ1993 ባሳተመው «ባህልና ኢምፔሪያሊዝም» ይህን ቤት ከአንቲጓው ርስት ጋር አያይዞ ካነበበ ወዲህ መጽሐፉን እንደ ቀድሞው ማንበብ አስቸጋሪ ሆኗል። ኦስተን ስለ ባርነት ብዙ አልጻፈችም፤ ጸጥታውን ግን መዝግባዋለች። ከመቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ የጻፈችው ሄየር ያን ዘመን ስታስውብ እንዲህ ያለውን የማይመች ጸጥታ ከአዳራሹ አወጣችው።

በ2023 በአሜሪካ በታተመ እትም የአበዳሪው ስምና አይሁዳዊነቱን የሚያሳዩት ቃላት ተለውጠዋል። አሳታሚው ዛሬ የሚያነብ ሰው በመዝናኛ መካከል እንዳይሰደብ አስቦ ከሆነ አሳቡ የሚናቅ አይደለም፤ በእኔ አመለካከት ግን ዋናው ጽሑፍ ሳይነካ ከበቂ ማብራሪያ ጋር ቢቀርብ ይሻል ነበር። ፍቆ ማጽዳት ያላዋቂውን አንባቢ ምስክር ያሳጣዋል። በታረመውም እትም ቢሆን ሶፊ ሽጉጧን ትመዝዛለች፤ ወለዱ ሳይከፈል ይቀራል፤ የቻርልስን ውርስ ምንጭ የሚጠይቅ አሁንም የለም።