ጫማን ለጊዜው መስቀል፦ ስለ ሩጫና ዝለት የሚነገረው ተረትና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ጎህ ሳይቀድ የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በመስቀል አደባባይ ያለፈ ሰው ጃኬታቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ደረጃውን ከጫፍ ጫፍ እየሮጡ የሚወጡትን ያያል። ጃንሜዳም እንዲሁ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ እንጦጦና ሱሉልታ በቡድን በቡድን በሚሄዱ ሯጮች ይሞላሉ። አብዛኞቹ ሜዳሊያ የሚጠብቁ አትሌቶች አይደሉም። የባንክ ሠራተኞች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ጡረተኞች ናቸው። ከኅዳር 1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ብዙዎቹን ወደዚህ ዓለም አስገብቷቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሩጫ የጠዋት ጸሎት ያህል የለመዱትና የሚወዱት ነገር ሆኗል።

ይህን ያህል የወደዱትን ነገር ሰውነት «በቃኝ» ሲል ማቆም ከባድ ነው። ይበልጥ የሚያከብደው ግን በዙሪያቸው የሚነገረው ነው። በቅን ልብ የሚሰጥ ግን የተሳሳተ ምክር ብዙ ሰው ሊያርፍ በሚገባው ሰዓት አሩጦ አልጋ ላይ ጥሏል። ከእነዚህ አባባሎች ዋና ዋናዎቹን ላንሣ። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመተ ምሕረቶች በእ.ኤ.አ. ናቸው።

«የወደዱት ነገር አያደክምም»

ይህ ከሁሉም በላይ የተስፋፋው ነው። ሰው የሚዝለው በማይወደው ሥራ ነው፤ በፍላጎቱ የሚያደርገው ነገር እረፍቱ እንጂ ሸክሙ ሊሆን አይችልም ይባላል።

የዝለት ጥናት የተጀመረው ግን ሥራቸውን በወደዱ ሰዎች ላይ ነው። ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለው የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1974 ስለ ዝለት ሲጽፍ የተነሣው ኒው ዮርክ ውስጥ ድሆችን በነፃ በሚያክም ክሊኒክ ካየው ነው። እዚያ የሚያገለግሉት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ እሱም ቀን የራሱን ሥራ ሠርቶ ማታ ማታ በነፃ ያገለግል ነበር። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ አምነውበት የገቡ ሰዎች ከጊዜ በኋላ ሲነጫነጩ፣ ሲታመሙ፣ የሚያገለግሉትን ሰው ማየት ሲያስጠላቸው ተመለከተ። ስለዚህ ፍቅር ከዝለት አያድንም። እንዲያውም የሚወድ ሰው «ዛሬስ ይቅርብኝ» ለማለት ስለሚቸገር ይበልጥ ይጋለጣል።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ዝለትን ከሥራ ቦታ ጋር ብቻ አያይዞታል፤ በሽታ ብሎም አልመዘገበውም። ለሯጭ የሐኪሞቹ ስያሜ ሌላ ነው፤ ከመጠን ያለፈ ልምምድ የሚያስከትለው የጤና መታወክ ይሉታል። ካናዳዊው ተመራማሪ ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2003 ባወጡት ጥናት ለአንድ ነገር የሚኖረንን ጽኑ ፍቅር በሁለት ከፍለውታል። አንደኛው ከቀሪው ሕይወት ጋር ተስማምቶ የሚኖር ነው፤ ባለቤቱ ሲፈልግ ይሠራዋል፣ ሲያስፈልግ ይተወዋል። ሁለተኛው ባለቤቱን የሚገዛ ነው፤ ሲቀር ይጸጸታል፣ ታሞም ይወጣል። በእኔ እምነት አንድ ሯጭ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል እወደዋለሁ?» የሚለው ሳይሆን «ዛሬ ብቀር ምን ይሰማኛል?» የሚለው ነው።

«እግር የሚከብደው በስንፍና ነው፤ መድኃኒቱ አቀበት መጨመር ነው»

የማውቃት አንዲት የሂሳብ ባለሙያ አለች። ለዓመታት ከአንድ ቡድን ጋር ስትሮጥ የኖረች፣ እሑድ ጠዋት ቀርታ የማታውቅ ሴት ናት። በአንድ የዓቢይ ጾም ወቅት ነገሩ ተለወጠ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮዋ ስትወጣ የደረጃውን መደገፊያ መያዝ ጀመረች። ማታ ደክሟት ትተኛለች፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግን ዓይኗ ይፈጣል። ልጆቿ ላይ መጮኽ አበዛች። የወር አበባዋ ሲቀር የሥራ ጭንቀት ነው ብላ አለፈችው። ለቡድኑ መሪ ብትነግራቸው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ሁለት ቀን ስለቀረሽ ነው። ነገ ዳገት እንጨምርና ይለቅሻል» አሏት። «እሺ ጋሼ» ብላ ጨመረች። ቅልጥሟ ላይ የጀመራት ሕመም እየባሰ ሄዶ መራመድ ሲያቅታት ነው ሐኪም ዘንድ የሄደችው። ተራው ራጅ ምንም አላሳየም፤ እንዲህ ያለው ከጫና የሚመጣ የአጥንት ስንጥቅ መጀመሪያ ላይ በራጅ አለመታየቱ የተለመደ ነው። ሐኪሟ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ ጠየቃት፤ «የምትሮጪው ስንት ሰዓት ነው? የምትበይውስ?» አላት። ንጋት 11 ሰዓት ላይ ሮጣ የመጀመሪያ ምግቧን የምትቀምሰው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነበር። ያውም በጥቂቱ።

የአውሮፓ የስፖርት ሳይንስ ኮሌጅና የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ በ2013 በጋራ ያወጡት ሰነድ ይህን ጉዳይ በደረጃ ያስቀምጠዋል። ጠንከር ያለ ልምምድ ለጊዜው ያደክማል፤ ቀናት ወይም ሁለት ሳምንት ያህል ሲያርፉ ሰውነት አገግሞ ከበፊቱ ይበረታል። ይህ ጤናማ ነው። እረፍቱ ካልተሰጠ ግን ማገገሚያው ሳምንታትና ወራት ይፈልጋል። ከዚያም ካለፈ ወራት አልፎ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አቀበት መጨመር ሁለት ሳምንት የሚበቃውን እረፍት ወደ ወራት ይለውጠዋል። ይህን የጤና መታወክ የሚያረጋግጥ አንድ የደም ምርመራ ደግሞ የለም። ሐኪም የሚደርስበት ሌላ ሌላውን አንድ በአንድ ካጣራ በኋላ ነው፤ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ስኳር፣ ሳንባ ነቀርሳ፣ ድብርት። «ሩጫ አብዝቼ ነው» ብሎ ቤት መቀመጥም እንግዲህ ስህተት ነው፤ በድካም የተሸፈነ ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል።

በእኛ አገር በተለይ ሊታዩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ብረት ነው። ሯጭ በላብም በአንጀትም በኩል ትንሽ ትንሽ ብረት ያጣል፤ ሴት ከሆነች በወር አበባም ይጨመርባታል። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። ከዚህ ጋር የአዲስ አበባን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3000 ያልፋል። በከፍታ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢን በተፈጥሮው ከፍ ስለሚል የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስ መለኪያው እንደ ቦታው ከፍታ ተስተካክሎ እንዲነበብ ይመክራል። ለባሕር ዳርቻ ነዋሪ ደህና የሚባል ቁጥር እዚህ ደህና ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙን ይህን መጠየቅ፣ የተከማቸውን ብረት የሚያሳየውን የፌሪቲን ምርመራም ማንሣት ነውር የለውም።

ሁለተኛው የምግብ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ባወጣው መግለጫ ሯጭ የሚያወጣውን ጉልበት የሚተካ ምግብ ካላገኘ ሰውነቱ ሌሎች ሥራዎችን እንደሚያጥፍ አብራርቷል። የወር አበባ ይቀራል፣ አጥንት ይሳሳል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ይዳከማል። በሂሳብ ባለሙያዋ ላይ የታየው ሁሉ ይኸው ነበር። ጾም የእምነት ጉዳይ ነው፤ ማንም ይተው አልልም። በጾም ወቅት ግን ሩጫውን መቀነስ ወይም ወደ መመገቢያው ሰዓት ማስጠጋት ይቻላል። ነዳጅ ሳትሞላ የሄደች መኪና መንገድ ላይ መቆሟ አይቀርም።

«ጉንፋኑ በላብ ይወጣል»

ይህ ግን ሕይወት የሚያስከፍል ነው፤ ስለዚህ በጥብቅ እናገራለሁ። ቫይረስ በላብ አይወጣም። ትኩሳት ያለበት ሰው ልቡ ያለ ሩጫም ይደክማል፤ የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ በ10 ገደማ ይጨምራል። ከዚህ የከፋው አንዳንድ ቫይረሶች የልብ ጡንቻን ራሱን የሚያስቆጡ መሆናቸው ነው። የተቆጣ ልብ ይዞ ጠንክሮ መሮጥ የልብ ምትን ሊያዛባ፣ ጤነኛ የሚመስለውን ወጣት በድንገት ሊጥል ይችላል። ይህ የደረሰባቸው ስፖርተኞች ከ3 እስከ 6 ወር ከጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲታቀቡ ነው በሕክምና መመሪያዎች ሲመከር የቆየው።

አፍንጫ ማፍሰስና ቀላል ማስነጠስ ብቻ ከሆነ፣ ትኩሳትም ከሌለ፣ ቀስ ያለ እርምጃ አይጎዳም። ትኩሳት፣ የመላ አካል ቁርጥማት፣ የደረት ሕመም ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ ግን ጫማው ይቀመጥ። የደረት ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ያለ ምክንያት ልብ መምታት በሩጫ ላይ ከመጣ ያንኑ ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

«ካቆምኩ የገነባሁት ሁሉ ይፈርሳል»

ከፊሉ እውነት ነው። ኮይል የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1984 ባወጡት ጥናት ለዓመታት የሠለጠኑ ሰዎች ልምምድ ሲያቆሙ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት በ7 በመቶ ገደማ ወረደ። 8 ሳምንት ገደማ ሲደርስ መቀነሱ 16 በመቶ ላይ ቆመ። ከዚያ አልፎ አልወረደም፤ ስፖርት ሠርተው ከማያውቁ ሰዎችም አሁንም የተሻሉ ነበሩ። መጀመሪያ የሚቀንሰው የደም ፈሳሽ መጠን ነው፤ እሱ ደግሞ ልምምድ ሲጀመር ቶሎ ይመለሳል። ከሁለት ሳምንት እረፍት በኋላ የመጀመሪያው ሩጫ ትንፋሽ የሚያሳጥረው በዚህ ነው፤ ጡንቻ ስለጠፋ አይደለም።

ለዚህ ከቀነኒሳ በቀለ የተሻለ ምስክር አላውቅም። በ2010 መጀመሪያ ባቱ ላይ በደረሰበት ጉዳት የዓመቱን ቀሪ ጊዜ ከውድድር ርቆ አሳለፈ። በነሐሴ 2011 በዴጉ የዓለም ሻምፒዮና ላይ ሲመለስ 10 ሺህ ሜትሩን ሳይጨርስ ወጣ፤ አበቃለት የሚለውም ሰው በዛ። ሳምንታት ብቻ ቆይቶ በመስከረም ብራስልስ ላይ ያንኑ ርቀት በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ፤ የዓመቱ ፈጣን ሰዓት ነበር። በ2019 በ37 ዓመቱ ደግሞ በርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨረሰ፤ ከዓለም ክብረ ወሰን በ2 ሰከንድ ብቻ አንሶ።

«ያቆመ ሰው ተሸንፏል»

እዚህ ላይ ሳይንስ ብዙም አይረዳም፤ ጉዳዩ የልብ ነው። ሩጫ ያቆመ ሰው የሚያጣው ሩጫውን ብቻ አይደለም። የእሑድ ጓደኞቹን፣ ከሩጫ በኋላ የሚጠጡትን ሻይ፣ «ሯጩ» እየተባለ የሚጠራበትን ማንነት ያጣል። አዘውትረው ስፖርት የሚሠሩ ሰዎች ሁለት ሳምንት ሲያቆሙ ስሜታቸው እንደሚወርድ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የሚመጣው ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው፤ ማሾፍም መቆጣትም አይገባም። የሚጠፋ ሰው ካለ ቡድኑ ይደውል፤ «መቼ ትመለሻለሽ?» ብሎ ሳይሆን «ሻይ ላይ ነይ» ብሎ።

ያቆመው ሰውም ውሳኔውን የዕድሜ ልክ አያድርገው። ኃይሌ ገብረሥላሴ በኅዳር 2010 ኒው ዮርክ ማራቶን ላይ ጉልበቱን አሞት ሲያቋርጥ እዚያው ጫማ መስቀሉን አስታወቀ፤ ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሐሳቡን ለወጠና እስከ 2015 ሮጠ። ሕመሙ ገና ትኩስ ሳለ «ከእንግዲህ አልሮጥም» ማለትም፣ «ነገ እመለሳለሁ» ማለትም አያስፈልግም። ሐኪም የሚለው ይሰማ፤ ቀኑ አይቆረጥ።

ለመመለስ ሲያስቡ በእግር ጉዞ ይጀምሩ፤ ሜዳ ላይ እንጂ አቀበት ላይ አይሁን። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የልብ ምትዎን ይቁጠሩና ይጻፉት። እግር ጉዞው ሳያደክም፣ እንቅልፍም ሳይታወክ ሁለት ሦስት ሳምንት ካለፈ አጭር ሶምሶማ ይቀላቅሉበት። ምቱ ከለመዱት በላይ ለተከታታይ ቀናት ከፍ ብሎ ከቀጠለ፣ ወይም ያ የእግር ክብደት ተመልሶ ከመጣ፣ ወደ እግር ጉዞው ይመለሱ።