ቫሊ ኦፍ ፋየር፦ ድንጋዩ ለምን ቀላ?

ቬጋስ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ ሲመጣበት የሚያዞረው ቦታ ይታወቃል፤ ማታ ስትሪፕ፣ በማግስቱ ሁቨር ግድብ፣ ከዚያ ክትፎ። እኔ እንግዳዬን ቫሊ ኦፍ ፋየር የሚባለውን መናፈሻ ሳላሳይ አልሸኝም። ከከተማው በስተሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአይ-15 ሄዳችሁ በ75ኛው መውጫ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ግራጫ ተራራና ቁጥቋጦ ብቻ ስለሆነ፣ «ይሄን ልታሳየኝ ነው ከእንቅልፌ የቀሰቀስከኝ?» የሚል ሰው አይጠፋም። መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ ግን ሸለቆው ድንገት ቀልቶ ይመጣል፤ ነጭናጫውም ስልኩን ያወጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ ድንጋዩ ለምን ቀላ? በየጊዜው ከማስረዳ እዚህ ልጻፈው።

ይህ ሁሉ ዓለት አሸዋ ነበር። ከ150 ሚሊዮን ከሚበልጥ ዓመት በፊት፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ አካባቢው ነፋስ አሸዋ የሚከምርበት ሰፊ በረሃ ነበር። ድንጋዩን ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ያዘነበሉ፣ እርስ በርስ የሚቆራረጡ ቀጫጭን መስመሮች አሉት፤ ነፋሱ አሸዋውን እየደረበ ሲሄድ የተዋቸው ናቸው። ክምሩ ከጊዜ በኋላ ሌላ አፈርና ደለል ተጭኖት ተቀበረ፣ ተጨመቀ፤ በውስጡ የሚሰርገው ውሃ ይዞት የመጣው ማዕድን ደግሞ ቅንጣቶቹን አጣብቆ ድንጋይ አደረጋቸው።

ቀይ ቀለሙ ዝገት ነው። የሰፈራችንን ቆርቆሮ ጣሪያ ያቀላው ያው ነገር ማለት ነው። እያንዳንዷ የአሸዋ ቅንጣት ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ የብረት ማዕድን በስሱ ለብሳለች። ቅንጣቷ ራሷ ቀለም የላትም ማለት ይቻላል፤ ልብሷ ነው የሚያቀላት። ብዙ ብረትም አያስፈልግም፣ ትንሹ ተራራውን ሁሉ ይቀባዋል።

ታዲያ ነጩ፣ ቢጫውና ሐምራዊው ከየት መጣ? እኔ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ድንጋዩ ገና ከመሬት በታች ሳለ ኦክስጅን የሌለበት ውሃ ሰርጎ ሲያልፍበት ብረቱን አሟሟው፤ ያለፈበት ቦታ ታጥቦ ነጣ። ውሃው ብረቱን ተሸክሞ ሄዶ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ መልሶ አራገፈው፤ እዚያ ቢጫ፣ እዚህ ብርቱካናማ፣ ወዲያ ጠቆር ያለ ቀይ። ስለዚህ ፋየር ዌቭ በሚባለው ዓለት ላይ ቆማችሁ ፎቶ የምትነሡባቸው ቀይና ነጭ ሸንተረሮች ውሃ የሄደበትን መንገድ የሚያሳዩ ናቸው። ዝናብ ብርቅ በሆነበት በረሃ ላይ! (ዳሎልን ያየ ሰው እዚህ ብዙም አይደነቅም ይሆናል፤ እዚያም ከቀለሙ ጀርባ ብረት አለበት። ልዩነቱ ዳሎል ላይ ሥራው ገና አላለቀም።)

በመንገድ የናቃችሁት ግራጫ ተራራ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ዕድሜው ከቀዩ በጣም ይበልጣል። የመሬት ቅርፊት ሲገፋፋ አሮጌው በአዲሱ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ሰው ሁሉ ወደ ፋየር ዌቭ ይሮጣል፤ ኢንስታግራም ያመጣው ጣጣ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ማውስስ ታንክ የሚባለው የእግር መንገድ ይቅደም። ደርሶ መልሱ አንድ ማይል አይሞላም፤ አሸዋው እግር ስለሚይዝ ግን ቀስ ማለት ነው። በግራና በቀኝ ያለው ግድግዳ በጥቁር ሽፋን የተቀባ ይመስላል። ሸክላ፣ ማንጋኒዝና ብረት ያዘለ አቧራ በሺህ ዓመታት ውስጥ እዚያ ላይ ተጋግሮ የሠራው ነው። የጥንት ሰዎች ይህን ጥቁር ሽፋን በድንጋይ እየወቀሩ ከሥሩ ያለውን ፈዛዛ ቀለም አወጡት፤ የሰው፣ የበግና የጥምዝምዝ ቅርጾች ዛሬም ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ከወቀሩት መካከል በአቅራቢያው በሞአፓ ሸለቆ ያርሱ የነበሩት የጥንት ፑዌብሎዎች ይገኙበታል፤ ለአደንና የሚበላ ለመልቀም ይመጡ ነበር እንጂ ውሃ እንደልብ ስለማይገኝ እዚህ ብዙ አይሰነብቱም ነበር። እባካችሁ በእጃችሁ አትንኩት፤ ከጎኑ ስም የሚጭር ሰው ካያችሁም ለጠባቂዎቹ ንገሩ።

በመንገዱ መጨረሻ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ መሰል ዓለት አለ። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ማውስ የሚባል የፓዩት ሰው ከሕግ ሸሽቶ እዚህ አካባቢ ተደብቆ ነበር ይባላል። የገንዳው ውሃ አንዳንዴ ለወራት ስለሚቆይ፣ ቦታ መምረጥ ያውቅ ነበር።

ጉልበት ከተረፋችሁ አትላትል ሮክ የብረት ደረጃ አለው፤ ዓለቱ ላይ የተቀረጸው አትላትል ቀስት ከመምጣቱ በፊት ጦር መወርወሪያ የነበረ እንጨት ነው። ዋይት ዶምስ በሚባለው ቦታ የምታዩት የድንጋይ ግንብ ፍርስራሽ ጥንታዊ መስሏችሁ እንዳትሳለሙት፤ እ.ኤ.አ. በ1966 ለወጣ የካውቦይ ፊልም የተሠራ ነው።

መቼ ትሄዱ? ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ በጠዋት። በሰመር ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ፋየር ዌቭን ጨምሮ ብዙዎቹ የእግር መንገዶች ይዘጋሉ፤ በአብዛኛው መኪና ውስጥ ሆናችሁ ትዞራላችሁ። ውሃ ያዙ፣ ስልክ በየቦታው ስለማይሠራ ካርታውን ቀድማችሁ አውርዱ። የኔቫዳ ታርጋ ያለው መኪና መግቢያው ይቀንስለታል፤ ስለዚህ የእንግዳው ኪራይ መኪና የሌላ ግዛት ታርጋ ካለው እሱን ትታችሁ በራሳችሁ ሂዱ።

በምሥራቁ በር ከወጣችሁ ደግሞ ወደ ኦቨርተን ከተማ ታጠፉና ሎስት ሲቲ ሙዚየምን እዩ። ሁቨር ግድብ ሲሠራ የሚድ ሐይቅ እየሞላ የእነዚያን የሞአፓ ሸለቆ ገበሬዎች ጥንታዊ መንደሮች ሊውጥ ስለነበር፣ ከውሃው የተረፈውን ዕቃ ለማኖር እ.ኤ.አ. በ1935 የተሠራ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ሁቨር ግድብ የሄደ እንግዳ ጥያቄው ይለወጣል።