የማር እንጀራው ድጋፍ

በወላይታ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ጠባብ ነው፤ ንብ ግን ሰፊ መሬት አትጠይቅም፤ ከጎረቤት ባሕር ዛፍ፣ ከብሳናና ከግራዋ አበባ ቀስማ ትመለሳለች። በዚያው በወላይታ በሁምቦ ወረዳም እ.ኤ.አ. በ2006 በተጀመረው ሥራ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራማ መሬት፣ የተቆረጡት ዛፎች ከጉቶአቸው እንዲያቆጠቁጡ ተደርጎ ደን ለብሷል፤ ለንብ የሚሆን አበባም እንዲሁ። ያም ሆኖ ስለ ንብ ማነብ ሲወራ ቀድሞ የሚጠየቀው ስንት ዘመናዊ ቀፎ ታደለ የሚለው ነው፤ ይህ ያሳስበኛል። ቀፎን ዘመናዊ የሚያደርገው የማር እንጀራው ሳይሰበር ወጥቶ፣ ማሩ ተወስዶለት ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያስችለው ድጋፍ ነው። ያለዚያ ሣጥኑ ውድ ጣውላ ነው።

ንቦች 37 በ22.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጀራ ለመሥራት 40 ግራም ያህል ሰም ይበቃቸዋል፤ ያ ስስ ሰም ከ2 ኪሎ ግራም በላይ ማር ይሸከማል። ይህን ያህል የሚችለው ግን ቀጥ ብሎ ቁልቁል ሲንጠለጠልና ሰሙ ሳይሞቅ ነው። ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆንም ከዚያ በፊት ይለሰልሳል፤ የእጩ ክፍል ደግሞ ምንጊዜም ወደ 35 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት አለው። ስለዚህ በዳሞታ ተራራ ደጋ አየር ጸንቶ የሚቆይ እንጀራ፣ ወደ አባያ ሐይቅ በሚወርደው ቆላ ጥላ ያጣ ቀፎ ውስጥ ተገንጥሎ ሊወድቅ ይችላል። በባህላዊው ቀፎ ንቦቹ እንጀራውን ከላይም ከጎንም ስለሚያጣብቁት ድጋፉ አስተማማኝ ነው። ችግሩ የሚመጣው በማር ቆረጣ ጊዜ ነው፦ ማርና እጭ አብረው ይቆረጣሉ፤ ንቦቹም አዲስ ሰም ለማውጣት ለእያንዳንዱ ኪሎ በርካታ ኪሎ ማር ይበላሉ።

በሽግግር ቀፎ እንጀራው የሚንጠለጠለው 32 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው ርብራብ እንጨት ነው፤ ሥሩ ላይ የሚቀባው የሰም መስመር ንቦቹን በዚያ ላይ እንዲጀምሩ ይመራቸዋል። እንጨቱ ሲነሣ እንጀራው አብሮ ይወጣል፤ አናቢው ግን ወደ ጎን ሳያጋድል መያዝ አለበት። ፍሬም፣ ማለትም እንጀራውን በዙሪያው የሚይዝ የእንጨት ክፈፍ፣ ያለው ቀፎ ከዚህ ያልፋል። አሜሪካዊው ላንግስትሮት እ.ኤ.አ. በ1851 በፍሬሞች መካከል ለንብ መተላለፊያ የሚበቃ ክፍተት ከተተወ ንቦቹ እንደማይደፍኑት ተረድቶ ፍሬሙን ተነቃቃይ አደረገው፤ ጀርመናዊው ሜሪንግ በ1857 ባለ ስድስት ማዕዘን ቅርጽ የታተመበትን ሰም አመጣ፤ በ1865 ደግሞ ሩሽካ ማሩን በማሽከርከር የሚያወጣውን መሣሪያ ሠራ። በፍሬሙ ላይ የሚወጠረው ሽቦ ሦስቱን ያስተሳስራል፦ የታተመውን ሰም ይይዛል፤ ማር ሞልቶ ሲሽከረከርም እንጀራው እንዳይሰበር ያደርጋል።

ንብ ከጥንት ጀምሮ ያለ ሽቦ ኖራለች የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንጀራውን ነቅሎ የሚያገላብጠውና የሚያሽከረክረው ሰው ነው፤ ድጋፉም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከዚህ የሚከብደው መቃወሚያ የዋጋ ነው፦ ሽቦውም የታተመው ሰምም ገንዘብ ይፈልጋሉ። ሰም ያልገባበት ፍሬም ከተሰጠ ንቦቹ እንጀራውን ከፍሬም ወደ ፍሬም አጋድመው ይሠሩትና አንዱን ማንሣት ሁሉንም መስበር ይሆናል፤ አናቢው ከባህላዊው የባሰ ቀፎ ይዞ ይቀራል። ስለዚህ ሰም በማይገኝበት ቀበሌ የሽግግር ቀፎ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ርብራቡን የአካባቢው አናጢ ከባሕር ዛፍ ይቆርጠዋል። ፍሬም የሚሰጥ ደግሞ ሰም ማተሚያውንም አብሮ ይስጥ። ጥሬ ሰሙ ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ይገኛል። ማተሚያው ሲመረጥ መጠኑ ይታይ፤ ለአውሮፓ ንብ በ5.4 ሚሊ ሜትር የሚታተመው ቀዳዳ 4.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ለምትሠራው የአፍሪካ ንብ ይሰፋታል።