መልካም ሥራና የማይወዱት ከተማ

ሰው ሁሉ በላቡ ወዝ ሠርቶ መብላት ይገባዋል። ነገር ግን መልካም ሥራ ሁልጊዜ በተወለዱበት መንደር አይገኝም። አንዳንድ ጊዜ ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ፥ ሥራው የሚገኝበት ከተማ ለሠራተኛው የማይስማማ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ሰው ምን ያድርግ? ደመወዙን ብቻ አይቶ ይሂድን? ወይስ ከተማውን ጠልቶ ሥራውን ይተው? ይህን ለመረዳት የድሬዳዋን ነገር መመልከት ይጠቅማል።

ድሬዳዋ የምድር ባቡር የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር እንዲወጣ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱ ስለ ከበደ ግን ከተራራው በታች በሜዳው በኩል አለፈ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ሜዳም አዲስ ከተማ ተቈረቈረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በድሬዳዋም ባቡር የሚጠገንበት ትልቅ የሥራ ቤት ተሠራ፤ ብረት ሠሪው፥ አናጢው፥ ጸሓፊውም እንጀራ አገኙበት። ፈረንሳይኛ የተማረ ወጣት በዚያ በቶሎ ሥራ ያገኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ድሬዳዋ ቆላ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስትል፥ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ናት። ስለዚህ በደጋ ብርድ ላደገ ሰው ሙቀቱ ይከብደዋል።

በዚያ ዘመን በሸዋ ደጋ የተወለዱ፥ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሩ ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ እንበል። ለሁለቱም በድሬዳዋ መልካም ሥራ ተገኘላቸው። ወደ አንድ ሽማግሌም ሄደው፦ «አባታችን፥ ደመወዙ መልካም ነው፤ ከተማውን ግን ገና ሳናየው ጠላነው። ምን ይመክሩናል?» አሉ። ሽማግሌውም፦ «ልጆቼ፥ ነገ የገበያ ቀን ነው፤ ኑና ቡና ሲመዘን እዩ» አሏቸው።

በማግሥቱ ነጋዴው ሲመዝን ቆመው ተመለከቱ። ሽማግሌውም፦ «አስቀድሞ ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁ። «ባዶው ሚዛን ትክክል መሆኑን አየ» አሉ። «ከዚያስ?» «ድንጋዩን በአንድ ወገን፥ ቡናውን በሌላው ወገን አኖረ።» «ጣቱንስ?» «ከሚዛኑ አራቀ።» ሽማግሌውም፦ «እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ምኞትና ፍርሃት በሚዛን ላይ እንደሚያርፍ ጣት ናቸው። ምኞት ደመወዙን ከልኩ በላይ ያከብደዋል፤ ፍርሃትም የከተማውን ክፋት ከልኩ በላይ ያከብደዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና ሳትቸኩሉ መዝኑ» አሏቸው።

በሚዛኑ በአንድ ወገን የሥራው ጥቅም ይቀመጣል። ይኸውም የደመወዙ ቍጥር ብቻ አይደለም። የቤት ኪራይ፥ የምግብና የመንገድ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የሚቀረው ነው እውነተኛው ገንዘብ። የሚገኘው ዕውቀት፥ የሚረዱትም ዘመዶች ከዚህ ጋር ይቈጠራሉ። በሌላው ወገን የከተማው ችግር ይቀመጣል፤ ችግሩም ሦስት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያው እንግዳነት ነው። የማያውቁት ቋንቋና ያለመዱት ምግብ አስቀድመው ያስጨንቃሉ፤ ነገር ግን ጊዜ ያቀልላቸዋል። ሁለተኛው በጥበብ የሚቃለል ችግር ነው። ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር በመንገዱ ግራና ቀኝ ዛፍ ስለ ተተከለ መንገደኛው ጥላ አገኘ። የወባ በሽታን የምታስተላልፈው በረጋ ውሃ የምትራባ ቢንቢ ናት፤ ስለዚህ የረጋውን ውሃ የሚያፈስና በአጎበር ውስጥ የሚተኛ ሰው ራሱን ይጠብቃል። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ በተራራው ላይ ዝናም ሲዘንብ ግን በድንገት ይሞላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። እንግዲህ ብልህ ሰው ርካሽ ቤት አገኘሁ ብሎ በወንዝ ዳር አይከራይም።

ሦስተኛው ነፍስን የሚያበላሽ ክፋት ነው፤ ይህንም ደመወዝ አይክሰውም። ሎጥ ከአብራም በተለየ ጊዜ የዮርዳኖስ ሜዳ ውሃ የጠገበ መሆኑን አይቶ መረጠው፤ የሰዶምን ሰዎች ክፋት ግን አልመዘነም። ኋላም ከተማይቱ ስትጠፋ ቤቱን ትቶ ሸሸ፤ ሚስቱንም በመንገድ አጣ።

ሁለቱ ጓደኛሞች ይህን ሁሉ መዘኑ። የአንደኛው እናት ባልዋ የሞተባትና ዕዳ ያለባት ሴት ነበረች፤ እርሻውን የሚያርስላት ሌላ ወንድም ግን ነበረ። ስለዚህ ልጁ ወደ ድሬዳዋ ሄደ። በመጀመሪያው ዓመት ታሞ ተኛ፤ የአገሩንም ብርድ ናፈቀ። ነገር ግን ቋንቋውን የማያውቀው ሶማሌ ጎረቤቱ ውሃና ምግብ እያመጣ አስታመመው። ያን ጊዜ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው እውነት መሆኑን አወቀ። ከዳነ በኋላ ሶማልኛና ኦሮምኛ ተማረ፤ የእናቱንም ዕዳ ከፈለ። ሙቀቱን እስከ መጨረሻው አልወደደውም፤ ሰዎቹን ግን ወደደ።

የሁለተኛው አባት ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ከእርሱም በቀር ልጅ አልነበራቸውም። እርሱ በመንደሩ ቀርቶ በጥቂት ገንዘብ ልጆች አስተማረ። የጓደኛው ደብዳቤ ሲደርሰው አንዳንድ ጊዜ ያን ደመወዝ ያስባል፤ የአባቱን እጅ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ግን አይጸጸትም። ሚዛኑ አንድ ሳለ የተመዘነው ነገር ስለ ተለያየ፥ የሄደውም የቀረውም ትክክል ፈረዱ።

ዛሬ ያ አሮጌ ባቡር ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ አይመላለስም፤ በ2009 ዓ.ም. አዲስ የባቡር መንገድ ተመርቋል። ሥራ ፍለጋ አገር ለቆ መሄድ ግን አልቀረም። ነቢዩ ኤርምያስ ወደ ባቢሎን ለተማረኩት ሰዎች በላከው ደብዳቤ፥ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ስለዚያችም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከራቸው። ወደማይወደው ከተማ መዝኖ የሚሄድ ሰውም እንዲሁ ያድርግ። እየኖረባት ዘወትር ቢያማርራት ሥራውንም ዕድሜውንም ያጣልና።